ሁለቱ አይ እና የአባባ ማሽላ

እኛ ሪንኮን ውስጥ፣ ቦኔር የምትባለው የካሪቢያን ደሴት ላይ ባለችው መንደራችን፣ ማሽላ ብቻውን የሚቆርጥ ሰው የለም። ብቻውን ሲቆርጥ የታየ ሰው ወይ አብዷል ወይ ከሰው ተጣልቷል። አያቴ አላበደም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም አሁን መንደሩ ውስጥ ሁሉም እንደፈለገ ነው የሚያወራው። የጎረቤታችን ልጅ ቲና እንኳን ስታወራው እኔ የዘፈንኩበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቶሎ ታልፈዋለች።

መጀመሪያው ሕዝበ ውሳኔው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ኖቬምበር ላይ ነበር፣ ድምፅ የሰጠነው ዲሴምበር ላይ። ገና ትኩስ መራጭ ነኝ ማለት ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ቦኔር አሁን ከሆላንድ ጋር ባላት ቀጥታ ግንኙነት ትስማማለህ ወይ? አዎ ወይም አይ። በቀይ እርሳስ አንዷን ክብ ታቀልማለህ፣ ትወጣለህ፣ አለቀ።

ግንኙነቱ ምንድነው ካላችሁኝ እኔም በደንብ አላውቀውም፣ መምህራችንም ሲያስረዳን ላብ ያልበው ነበር። ልጅ እያለሁ አምስት ደሴት ሆነን አንቲልስ የሚባል አገር ነበረን። ከዛ አገሩ ፈረሰ። ማንም አላፈረሰውም፣ በስምምነት ነው የፈረሰው፣ እንደ ዕቁብ። ኩራሳኦ የራሷን ጠቅላይ ሚኒስትር አገኘች፣ ሲንት ማርተንም አገኘች፣ እኛና ሁለቱ ትንንሾቹ ግን የሆላንድ "ልዩ ማዘጋጃ ቤት" ሆንን። ባሕሩን ሙሉ ተሻግሮ ያለ አገር ማዘጋጃ ቤት። አያቴ "ልዩ የሚለው ቃል ሲመጣ ኪስህን ያዝ" ይላል።

ምን እንደመረጥኩ ለማንም አልተናገርኩም። ሲጠይቁኝ "ምስጢር ነው" እላለሁ። ይሄ ደግሞ መንደሩን ገርሞታል፣ ጁራይኒ ዝም ያለችበት ነገር ተገኘ ብለው።

ውጤቱ ሲነገር ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል አይ ብሏል። አባባ በማግስቱ ፍየል አረደ። አባባ የምለው አያቴን ነው፣ ሲክስቶ ነው ስሙ፣ የእናቴ አባት። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ አባቴ ኩራሳኦ ነው ያለው፣ እሱን ተዉት። የተጋበዙት ጋሽ ኒካሲዮ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፣ በመሀላችን የቁልቋል አጥር አለ፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲመላለሱ የከፈቱት ሽንቁር አለ። ፍየል ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ኒካሲዮ ልጃቸውን ቲናን ክርስትና ያስነሱት በአባባ ነው፣ የክርስትና አባቷ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በስም ተጠራርተው አያውቁም፣ "ኮምፓይ" ነው የሚባባሉት፣ እኛ ጋ ክርስትና ያስተሳሰራቸው ሰዎች እንደዛ ነው።

ሾርባው ቀረበ። እኔ ገንፎውን እያቀረብኩ ነበር፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ኮምፓይ፣ አልኩህ እኮ! አይ እንላለን አልኩህ!" አለ አባባ።

"አልክ። እኔም አልኩ" አሉ ጋሽ ኒካሲዮ አጥንት እየጋጡ። "በል አሁን ሻንጣቸውን ይሸክፉ።"

"እነማን?"

"እነማን ይላል እንዴ! ሆላንዶቹ ናቸዋ።"

አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ምን ብለው ይሸክፋሉ? አሁን ነው እንጂ የሚመጡት። አሁን ነው እዛ ላለው ሽማግሌ የሚሰጡትን ጡረታ ለኛም የሚሰጡን።"

"ጡረታ? አንተ ሰውዬ፣ አይ ያልከው ለጡረታ ነው?"

"አንተስ ለምንድነው?"

"እንዲሄዱልኝ!"

"እንዲጠጉ ነው እንጂ! በግማሽ ልባቸው ነው የያዙን። ከያዛችሁን በደንብ ያዙን ብዬ ነው አይ ያልኩት!"

እኔ ሳቄ መጣ። እማዬ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። እውነት ግን አስቡት፣ ሁለቱ ተያይዘው ሄደው፣ አንድ ሰልፍ ቆመው፣ በአንድ ዓይነት ቀይ እርሳስ አንዷኑ ክብ አቅልመው፣ ሲመለሱ ተቃቅፈው ነበር።

"ቅድመ አያቶቼ ለሆላንዶች በባርነት ከሚሠሩበት ጨው ሜዳ ተነስተው ሌሊቱን በእግራቸው ወደዚች መንደር ሲመጡ የኖሩት ያንተን ጡረታ ለመለመን አይደለም" አሉ ጋሽ ኒካሲዮ።

"የኔስ ቅድመ አያቶች የት የነበሩ መሰለህ? እዛው ጨው ሜዳ ነበሩ! ለዛ እኮ ነው ዕዳ አለባቸው የምለው። ዕዳ ያለበትን ሰው ሂድ አትለውም፣ ና ክፈል ነው የምትለው!"

"እሱ ከፍሎ ሲጨርስ አንተ ልጁ ሆነህ ትቀራለህ!"

"አንተ ደግሞ ነጻ ወጥተህ ድንጋይ ትግጣለህ!"

ጋሽ ኒካሲዮ ሾርባውን ሳይጨርሱ ተነሱ። እዚህ ቤት ሾርባ ሳይጨርስ የተነሳ ሰው አላየሁም፣ ያውም የፍየል። በሽንቁሩ ሾልከው ሄዱ። በነጋታው አባባ ሽንቁሩ ላይ ቁልቋል ተከለ። ለካ እሳቸውም በዛው ጠዋት በነሱ በኩል ተክለዋል። አጥሩ እዛ ቦታ ላይ ብቻ ድርብ ሆነ።

እንግዲህ ኮምፓይ ቀረ። "ያ ሰውዬ" ሆኑ ሁለቱም። ነገሩ ወደ መንደሩ ወጣ፣ ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት ሲገናኝ "አንተ የቅርቡ አይ ነህ የሩቁ አይ?" መባባል ጀመረ። ቄሱን ሳይቀር ጠይቀዋቸዋል። ቲና በመሀል ተቸገረች። አንዱ አባቷ፣ አንዱ የክርስትና አባቷ። ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ምግብ ነው የምትሸጠው፣ ሁለቱም ምሳ የሚበሉት እሷ ጋ ነው፣ አሁን አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል። "እኔ አይ ያልኩት ሁለቱን ላለመስማት ነበር" አለችኝ አንድ ቀን ባሚያ እየቆራረጠች።

ይሄ ሁሉ ቀልድ ነበር፣ ማሽላው እስኪደርስ።

ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር። የአባባ ማሳ ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ድንጋያማው ኮረብታ ሥር ነው ያለው። ማርች መግቢያ ላይ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቀላ። ማሽላ ሲቀላ ደግሞ በቀቀኖቹ ይመጣሉ። ትንንሽ ናቸው፣ አረንጓዴ፣ ፊታቸው ቢጫ፣ ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳቸው የሚውል። እኛ ፎቶ አናነሳቸውም። አንድ መንጋ አንድ ማሳ ላይ ከሰፈረ ሳምንት አይፈጅበትም፣ አገዳውን ብቻ ነው የሚያስቀርልህ።

አጨዳው ወንፈል ነው። ሲማዳን እንለዋለን እኛ። ዛሬ የኔ ይቆረጣል፣ በሚቀጥለው ያንተ። በጀርባህ ያገዝከኝን በጀርባዬ እመልሳለሁ። አምና የተጀመረው ከጋሽ ኒካሲዮ ማሳ ነበር፣ አባባ ከጠዋት እስከ ማታ ቆርጦላቸዋል። ዘንድሮ ተራው የአባባ ነው፣ መጀመሪያ የሱ ነው የሚቆረጠው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አውጪው ጋሽ ኒካሲዮ ናቸው። በጠዋት ቀንዱን የሚነፉት እሳቸው፣ ዘፈኑን የሚያወጡት እሳቸው። ሌላው ተቀባይ ነው፣ አባባን ጨምሮ። ቀንዱ ካልተነፋ ደግሞ ሰው አይወጣም። ይሄ ሕግ ሆኖ የተጻፈ አይደለም፣ ግን ማንም ተነስቶ "ልሂድ" አይልም። የማሳው ባለቤት ራሱ ሄዶ አውጪውን መጥራት አለበት።

"አባባ፣ ሂድና ጥራቸው" አልኩት።

"ተራው የኔ መሆኑን ያውቃል።"

"ካልተጠሩ አይመጡም እኮ።"

"አይምጣ። እኔ ለምኜ አላውቅም።"

"ጡረታ እየለመንክ ነው ብለውሃል እኮ፣ ይሄ ምን አላት" ስለው ባርኔጣውን ወረወረብኝ።

ስለዚህ እኔ ሄድኩ። በሽንቁሩ ማለፍ ስለማይቻል ዞሬ በመንገድ። ጋሽ ኒካሲዮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቢላ ይስላሉ።

"ጋሼ፣ ማሽላው ደርሷል።"

"አይቼዋለሁ። ዓይን አለኝ።"

"ወፎቹም ገብተዋል።"

"እነሱንም አይቻቸዋለሁ።"

"ታዲያ መቼ ይሻላል?"

"ሂጂና ለአያትሽ ንገሪው፣ ሆላንዶቹን ይጥራ። ሚኒስትሩ ማጭድ ይዞ ይምጣለት። ወይ ንጉሡ ይምጣ፣ ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው።"

ሄጄ ነገርኩት። አባባ ደግሞ "በይው" አለኝ፣ "የሱ ማሳ ሲደርስ ነጻነት ትቁረጥለት።" አልተመለስኩም። መልእክተኛ እግር ይኖረዋል እንጂ ደሞዝ የለውም።

በማግስቱ አባባ ቢላውንና ቅርጫቱን ይዞ ብቻውን ወጣ። ተከተልኩት፣ ምን ላድርግ? እማዬ ከሕመሟ ወዲህ ከባድ ነገር አታነሳም፣ ወንድሜ ሆላንድ ትምህርት ላይ ነው፣ ያለሁት እኔ ነኝ። የማሽላውን ራስ በግራ እጅህ ታጎነብሰዋለህ፣ በቀኝህ ትቆርጣለህ፣ ቅርጫት ውስጥ ትጥላለህ። ቀላል ነው፣ አንድ ጊዜ ከሆነ። እኔና እሱ ከአንዱ ጫፍ ስንጀምር በቀቀኖቹ ከሌላው ጫፍ ጀመሩ። መሀል ላይ የምንገናኝ ይመስል ነበር። እነሱ ፈጠኑ።

በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቀስ ይላል፣ ያያል፣ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። አንዱ ሞተሩን አቁሞ "ሲክስቶ፣ ምነው ብቻህን?" አለው። አባባ "ልጅቷ የለችም እንዴ?" ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ፀሐይዋ እላያችን ላይ ስትደርስ አንድ ራስ ሊያጎነብስ ጎንበስ አለና እዛው ቀረ። ጀርባው ያዘው። ቀናም አይልም፣ ቁጭም አይልም። ይዤው ድንጋይ ላይ እስካስቀምጠው ድረስ እንደ ጥያቄ ምልክት ተቆልምሞ ነበር። ልስቅ ምንም አልቀረኝም፣ ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት። ማሳውን ነበር የሚያየው። ወፎቹ የበሉት አገዳ ባዶ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ቆሟል፣ ያልተበላው ጎንበስ ብሏል፣ ከሩቅ ይለያል።

"ሄደ በቃ" አለ። "ይሄ ዓመት ሄደ።"

"አባባ..."

"ማሽላው አይደለም። ማሽላ ከሱቅ ይገዛል። ሲማዳን ሳይደረግልኝ የቀረሁ ሰው ሆንኩ።"

ወደ ቤት በምን እንደገባን አትጠይቁኝ። የአህያ ጋሪ ለምኜ ነው። አስተኝቼው በቀጥታ ቲና ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ቲና ጭልፋውን አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ሱቁን ለኔ ጥላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔ ግን ድምጿን ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ቆሜ ሰምቻለሁ፣ ቃሉን ሳይሆን ድምጿን። ዶሮ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ቀንዱ ተነፋ።

አባባ ወገቡን በፎጣ አስሮ፣ በኔ ተደግፎ ሲደርስ ሰው ማሳው ዳር ቆሟል። ሃያ ሰላሳ ሰው ይሆናል። ጋሽ ኒካሲዮ ከፊት ናቸው። አባባን አላዩትም፣ ማለት አይተውታል ግን ዓይናቸውን ማሽላው ላይ ተክለዋል።

"አምና ለኔ ቆርጠሃል" አሉ። "የጀርባ ብድር አለብኝ። እሱን ልከፍል ነው የመጣሁት፣ ለሌላ እንዳይመስልህ።"

"ለሌላ የመሰለው የለም" አለ አባባ።

ሰው ገባ፣ ተሰለፈ፣ ቢላ ወጣ። ሁላችንም ጠበቅን። ጋሽ ኒካሲዮ አንድ ራስ ቆረጡ። ሁለተኛ ቆረጡ። ምንም የለም።

"አባዬ፣ ዘፈኑስ?" አለች ቲና።

"ብድር ያለበት ጀርባዬ ነው። ጉሮሮዬ የለበትም።"

ጉድ ፈላ። ያለ ዘፈን አጨዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም ነበር። ዘፈኑ ሲኖር ሁሉም እኩል ያጎነብሳል፣ እኩል ይቆርጣል፣ ሰልፉ እንደ ሞገድ ይሄዳል። አሁን አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ የሌላውን ራስ ይቆርጣል፣ ቅርጫት ያዡ ወዴት እንደሚሮጥ አያውቅም። አንድ ልጅ ጣቱን ቆረጠ፣ ትንሽ ነው ግን ሰው ፈራ። ለቀስተኛ ይመስል ሁሉም አቀርቅሯል። በቀቀኖቹ እንኳን አልሸሹም። በዘፈን ነበር የሚበረግጉት ለካ። ትንሽ ቆይቶ ጥጉ ላይ ያሉት ሰዎች ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። አንዷ "ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ" አለች፣ ትምህርት ቤት እኮ አልነበረም ያን ቀን።

አባባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያያል። ፊቱ ትላንት የነበረው ፊት ነው።

እኔ ድምፄ አያምርም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስዘምር እማዬ ቀስ ብላ ትቆነጥጠኛለች። ግን የሆነ ሰው መጀመር ነበረበት። ስለዚህ አፌን ከፈትኩ።

"አንዱ አይ አለ፣ ሂዱልኝ ብሎ፣
አንዱ አይ አለ፣ ኑልኝ ብሎ፣
ወፉ አዎ አለ፣ ማሽላ በልቶ!"

ከወዲያኛው ጥግ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ከዛ ሁሉም። ቅርጫት የያዘው ሰውዬ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠ። እኔም ስለሳቁልኝ ደገምኩት፣ ጮክ አድርጌ፣ ዜማውን ደግሞ ትንሽ ላሳምረው ብዬ ወደ ላይ ወሰድኩት።

"አቁሚ!" አሉ ጋሽ ኒካሲዮ። "አቁሚ በማርያም! ዜማውን ገደልሽው እኮ! እዛ ጋ ይወርዳል እንጂ ይወጣል እንዴ?"

"እኔ የማውቀው ይሄን ነው።"

"የምታውቂው ነገር የለም! እንዲህ ነው!" አሉና እንዴት እንደሚወርድ ሊያሳዩኝ አወጡት። አንዴ ከወጣ ደግሞ ሰው ተቀበላቸው፣ ከተቀበላቸው ደግሞ ማቆም አይቻልም፣ አውጪ መሀል ላይ አያቆምም። ቢላዎቹ እኩል ወረዱ። በቀቀኖቹ በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ።

እኛ ጋ ዘፈን ላይ የተባለ ነገር ዘፈን ላይ ይቀራል። ልትሰድብ ትችላለህ፣ ማንም አይቀየምህም። ግን ዘፈኑ ወዳንተ ከዞረ መመለስ አለብህ፣ መዋሸትም አይቻልም። ጋሽ ኒካሲዮ ይሄን ዕድል ሊያሳልፉት ነው? ወደ ድንጋዩ ዞሩ፣

"ጡረታ ጠባቂ ቁጭ ብሎ ይከርማል፣
ማሽላው ሲደርስ ማን ይቆርጥለታል?"

"ማን ይቆርጥለታል!" አለ ሰው።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ተቀባይ ነው። አውጥቶ አያውቅም። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ፣

"ነጻ ልውጣ ብለህ ስትነሳ በጠዋት፣
በማን መርከብ መጣ የገንፎህ ዱቄት?"

"የገንፎህ ዱቄት!"

"አይይይ!" አለች ቲና፣ ለምሳ ያመጣችውን ድስት ክዳን በጭልፋ እየመታች። ጋሽ ኒካሲዮ ቢላቸው አየር ላይ ቀረ፣ አባባ ግጥም ያወጣል ብለው አላሰቡም። ከዛማ ተያያዙት። ጨው ሜዳውን አነሱት፣ አያቶቹን አነሱት፣ የሱቅ ዋጋ፣ የሆላንድ ጡረተኛ ባሕሩ ዳር የሠራው ቪላ፣ መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ፣ ሁሉም ገባ። ዲሴምበር ላይ ያላለቀው ሕዝበ ውሳኔ ማሳ ውስጥ አለቀ። ማለት አላለቀም፣ ግን ማሽላው እያለቀ ነበር። ሰዓቱን የሚያይ ሰው አልነበረም።

መጨረሻዎቹ ረድፎች ላይ ስንደርስ ጋሽ ኒካሲዮ ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸውን ሳየው ገባኝ፣ ግን መሸሸጊያ የለም።

"ይህቺ ለፍላፊ ስንቱን አወራች፣
ለራሷስ ምን አለች? ድምፅ ስትሰጥ ዋለች!"

"ምን አለች! ምን አለች!" አለ ሰው ሁሉ፣ እማዬ ሳትቀር።

ዘፈኑ ወደኔ ዞሯል። ግጥም አልመጣልኝም። "አዎ ነው ያልኩት" አልኩ፣ በተራ ንግግር።

ቢላው ሁሉ ቆመ። የእውነት ቆመ።

"ምን?" አሉ ጋሽ ኒካሲዮ።

"ምን?" አለ አባባ።

"አዎ ነው ያልኩት።"

"ያለችውን ሰማህ?" አሉ ጋሽ ኒካሲዮ ወደ አባባ ዞረው።

"ሰማሁ። አዎ አለች። የኔ ልጅ! እኔ ቤት!"

"ማን ነው ያሳደጋት እስቲ?"

"እኔ ነኝ፣ ግን ግማሹን ያንተ በረንዳ ላይ ነው ያደገችው!"

"አዎ ተብሎ ይመረጣል? ባለበት ይቀጥል ብለሽ ነው? በምኑ ተስማምተሽ?"

"አሁን ያለው ነገር እኮ ለሱም አይሆን፣ ለኔም አይሆን!" አለ አባባ በጣቱ አንዴ ራሱን አንዴ ጋሽ ኒካሲዮን እያመለከተ።

"ለማንም አይሆንም!" አሉ ጋሽ ኒካሲዮ።

ጎን ለጎን ቆመው ነበር የሚጮሁብኝ። አባባ እንዴት ከድንጋዩ ተነስቶ እዛ እንደደረሰ አላየሁም። አንዱ ሲያቆም አንዱ ይቀበላል፣ እንደ ዘፈኑ። እኔ ሁለቱን አየሁና ወደ እማዬ አመለከትኩ። እማዬ ማሳው ዳር እሳት ጋ ናት፣ የማሽላ ቂጣ እየገለበጠች።

"እማዬ ስትታመም በሆላንድ የጤና መድን በአውሮፕላን ኮሎምቢያ ድረስ ወስደው አሳከሟት" አልኩ። "እኔም አብሬ ነበርኩ። ሐኪሙ አንድ ወር ቢዘገይ ኖሮ ብሎኛል። ማን እንደሚከፍል አልጠየቁንም። እርሳሱን ስይዝ እሱ ነው የታወሰኝ፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም።"

እማዬ ቂጣውን መገልበጥ ረስታ አንዱ ወገኑ አረረ። ባርኔጣቸውን ጋሽ ኒካሲዮ አወለቁ፣ አራገቡበት፣ መልሰው አደረጉት።

"እሱስ እውነት ነው" አሉ።

"እውነት ነው" አለ አባባ።

"ቢሆንም አይ ነው።"

"አይ ነው እንጂ" አለ አባባ። "በል ዝፈን ኮምፓይ፣ ወፎቹ ተመለሱ።"

ዘፈኑ። ማሽላው ገባ። ወፎቹ የበሉት ተበልቷል፣ አልዋሽም፣ የአምናውን ያህል አይደለም። ግን ጎተራው ድረስ ቅርጫቱ በጭፈራ ነው የተወሰደው፣ እንደ ደንቡ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ወደፊት አንድ እርምጃ፣ ወደኋላ አንድ እርምጃ። በዚህ ጭፈራ ቶሎ አይደረስም። የአባባ ጀርባ ወደፊት ይሄዳል ወደኋላ እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ጋሽ ኒካሲዮ በብብቱ ይዘው ነበር የሚያስጨፍሩት፣ እየተሳደቡ። "ክብደትህ ጨመረ፣ ጡረታው ከአሁኑ ገባልህ እንዴ?" ይሉታል። ማታ ቲና ቆንጨራ ይዛ የሽንቁሩን ቁልቋል ከሁለቱም ወገን ቆረጠችው። ማንንም አላስፈቀደችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የጋሽ ኒካሲዮ ማሳ ነበር። አባባ ጎንበስ ማለት አይችልም፣ የጀርባ ብድር ግን ጀርባ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የኔ ጀርባ ሄደ። ቀንዱ ሲነፋ ጋሽ ኒካሲዮ "ሚስ አዎ የታለች?" ብለው ጠሩኝ። አሁን መንደሩ በሙሉ እንደዛ ነው የሚጠራኝ፣ ዳቦ ቤት ሳይቀር። አባባ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ማን በደንብ እንደሚቆርጥ ማን እንደማይቆርጥ ይናገራል።

ኦገስት ላይ እኔም ሆላንድ ለትምህርት መሄዴ ነው። ጋሽ ኒካሲዮ ይሄን ያውቃሉ፣ አጠገቤ እየቆረጡ፣

"እንግዲህ እዛ ስትደርሺ፣ ስለኛ ከጠየቁሽ፣ አዎ ያልሽውን ትተሽ አይ ማለታችንን ንገሪያቸው" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ። የትኛውን አይ?"

እሳቸው ቀና ብለው አባባን አዩት። አባባ ከወንበሩ ተነሳ፣ "የኔን ነዋ!" አለ፣ እሳቸው ደግሞ በዛው ቅጽበት "የኔን ነዋ!" አሉ። ከዛ እንደገና ጀመሩ፣ ከጡረታው። እኔ ጎንበስ ብዬ ቀጠልኩ፣ ረድፉ ገና ነበር።